ዋግ ያልመታውን በላነው

ሰው ስለ ጣሊያን ዘመን ሲያወራ ዘራችንን ያጠፋው ጠላት ነው ይላል። የሚመች ክስ ነው፤ ተከሳሹ አገሩ ገብቷል፣ መልስ አይሰጥም። የኛን ጓሮ በቆሎ ግን ጣሊያን አልነካውም። ያጠፋነው እኛው ነን፤ ያውም በጨዋነት።

ቤታችን ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ጣሊያን ከተማው ላይ መሽጎ መንገዱን ስለዘጋ፣ ሐሙሲት ገበያ ወርዶ ዘር መግዛት ቀርቶ ነበር። ራሳችን ያስቀመጥነውን ካልዘራን የምንዘራው የለም። በዚያ ላይ በቆሎውን ዋግ ይመታው ጀመር። ቅጠሉ ይቀላል፣ ሲነኩት ዝገቱ እጅ ላይ ይቀራል፣ ፍሬው ሳይሞላ ይደርቃል።

እኔ ያኔ ሚስት ለማግባት የደረስኩ ጎረምሳ ነበርኩ። አንድ ክረምት ከቀላው መሃል አንዲት አገዳ ንጹሕ ሆና ቆመች። ፍሬዋን ለብቻ አስቀምጬ በዓመቱ አጥሩ ሥር በአንድ መስመር ዘራሁት። ከልጆቿ ከፊሉ ቀላ፤ የቀረው እንደ እናቱ አረንጓዴ ሆኖ ቆመ። እናታቸው አንድ ናት፤ አባታቸውን ግን ነፋስ ከየትኛው በሽተኛ አገዳ እንዳመጣው ማን ያውቃል? ንጹሖቹን ደግሜ ብዘራ፣ በሽተኞቹን አበባቸው ሳይበተን ብነቅል፣ ዋግን የሚችል ዘር ይኖረናል አልኩ። ይህ ፍልስፍና አይደለም። አባቴ ራሱ ወይፈን ሲገዛ እናትና አባቱን ሳይጠይቅ ገንዘቡን አይፈታም ነበር።

ለእንግዳ ግን የቀላ እሸት አይቀርብም። እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚቀነጠሰው ንጹሑ ነው፤ ለዘር የሚቀረው በሽተኛው። በየጓሮው እንዲህ ነበር። በሽታውን መርጠን እንዘራ ነበር ማለት ነው።

መስከረም ላይ የነፍስ አባታችን መጡ። ከመስመሬ ጥቂት ንጹሕ እሸት ብቻ ተርፎ ነበር።

“ከአጥሩ ሥር ቀንጥስ” አለኝ አባቴ።

“አባባ፣ እሱ የዘር ነው። ሌላ የለንም።”

“ለአባ የታመመ ላቅርብ? ሰው ምን ይለኛል?”

“የሰው አፍ ፈርተው ዘር ያጠፋሉ?”

“ዝም በል! ጓሮዬን ልታስተምረኝ ነው?” ብሎ ራሱ ሄዶ ቀነጠሰው፤ አንድም አላስቀረ።

ቄሱ ከውስጥ ሰምተው ኖሮ፣ “ልጁ እኮ እውነቱን ነው። ለእኔ ቆሎ ይበቃኛል” አሉ።

“በሞቴ!”

“ኧረ ተው፣ አንተ ሰው።”

“በሞቴ ስልዎ! ካልበሉልኝ ቤቴ አልገቡም ማለት ነው።”

እንዲህ ከተባለ በኋላ የማይበላ ሰው በአገራችን አልተፈጠረም። ተጠበሰ። ቄሱ ግጠው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው፣ “ልጄ፣ እውነትም ለዘር የሚሆን ነበር” አሉ።

በሚቀጥለው ክረምት ከበሽተኛው የዘራነው ገና ሳያብብ ቀላ። አገዳውን ነቅለን ለከብት ሰጠነው። አባቴ ጣሊያን ያመጣው መርዝ ነው እያለ ለመንደሩ ሲያወራ፣ እኔ እፍኝ ንጹሕ ዘር ፍለጋ ከቤት ቤት ዞርኩ። በየደጁ መልሱ ያው “የለንም” ነው። በመጨረሻ አንዲት ጎረቤታችን፣ “ነበረኝ፤ ለልጄ ክርስትና ድግስ ጠብሼ እንግዶቹን አጠገብኳቸው” አለችኝ። ስትነግረኝ ኩራቷ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።