ሞገድ የሚጠብቁት ልብስ ሰፊ

ጋሽ እንደሻው ባሕር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ትልቅ ውሃ የሚሉት ሐሮማያን ነው፤ እሱም ደርቆ የተመለሰ ሐይቅ ነው። ቢሆንም ሐረር መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ከተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች መካከል የሕንድ ውቅያኖስ ሞገድ ስንት ሜትር እንደሆነ የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ናቸው። ስልካቸው ከክሩ ሳጥን ተደግፎ ይቆማል። ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ስልኩን ያያሉ፤ ዚፕ ይቀይራሉ፣ ስልኩን ያያሉ።

ነገሩ የመጣው በልጃቸው በብሌን ነው። እናቷ ካረፈች በኋላ ብቻቸውን ያሳደጓት አንድ ልጃቸው ናት፤ ተምራ ተምራ መርከብ ላይ ተቀጠረች። መርከቡ ዓሣ አያጠምድም፣ ዕቃም አይጭንም። ባሕሩ ላይ፣ በረጅም ገመድ ከወለሉ ጋር ታስረው የሚንሳፈፉ ትልልቅ ቢጫ መሣሪያዎች አሉ። ነፋሱን፣ የውሃውን ሙቀትና የሞገዱን ከፍታ እየለኩ በሳተላይት ይልካሉ፤ የላኩት በየሰዓቱ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል፣ የፈለገ ሰው ያየዋል። ከመሣሪያዎቹ አንዱ ሲበላሽ ብሌን በጎማ ጀልባ ትጠጋና ዘላ ትወጣበታለች። አዎ፣ ዘላ! ይህን የሰሙ ቀን ጋሽ እንደሻው የሰው ኮት እጅጌ ገልብጠው ሰፉ።

እሷም አባቷን ልታረጋጋ ብላ ልኬቱ የሚወጣበትን የኢንተርኔት ገጽ አሳየቻቸው። ወደ አንዱ መሣሪያ ስትሄድ አድራሻውን ትልክላቸዋለች፣ እሳቸው ይከፍቱታል። ታዲያ ብዙም ሳይቆዩ አንድ ጉድ አገኙ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ገጹን ሲያዩ የስድስት ሰዓቱ ሞገድ ተጽፎ ይጠብቃቸዋል። ስድስት ሰዓት ሲሆን የዘጠኙ። ይሄ ቢጫ ነገር ለካ የሚመጣውን ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይናገራል!

ፊት ለፊታቸው ጨርቅ ለሚሸጠው ለነስሮ ሲያጫውቱት ሜትሩን አስቀምጦ አያቸው።

«የገይቡን፣ ገና ያልመጣውን ነገር አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ እንደሻው። በርሜል አያውቅም።»

«በርሜል አይደለም አልኩህ።»

«ቢጫ ነው፣ ክብ ነው፣ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ታዲያ ምንድነው?»

እሳቸው ግን ሥራቸውን ያዙ። ሞገዱ ከፍ ብሎ ባዩ ቁጥር በመርከቡ ኢንተርኔት በኩል ለብሌን ይደውላሉ። በዚህ ሰዓት ይበረታል፣ ጀልባው ላይ እንዳትቆሚ፣ ገመዱን በሁለት እጅሽ ያዢ ይሏታል። እሷም እሺ አባዬ ትላለች። ዓመት አለፈ፣ አንድም ክፉ ነገር አልነካትም። ጋሽ እንደሻው ለማንም አልተናገሩትም እንጂ የልጄ ጠባቂ እኔ ነኝ ብለው በልባቸው አምነዋል።

ባለፈው ኅዳር አንድ ቀን ብሌን፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱ መሣሪያ ላይ እወጣለሁ ብላ መልእክት ላከች። ጋሽ እንደሻው በስድስት ሰዓት ገጹን ከፈቱ። ከዘጠኝ ሰዓቱ ጎን ሦስት ሜትር ተኩል ይላል። እንዲህ ያለ ቁጥር አይተው አያውቁም። ደወሉ፤ አይገባም። ደገሙ፤ ኔትወርኩ ራሱ ጠፋ። ነስሮም ስልኩን ሰጣቸው፣ የሱም አልሠራም። ያን ጊዜ መቀሱን ጥለው ተነሡ፤ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ባጃጅ ይዘው፣ ከፍ ካለ ቦታ ኔትወርክ ቢገኝ ብለው ሐኪም ጋራ የሚባለውን ተራራ ወጡ። ባጃጁ ከቆመበት በላይ ያለውን ዳገት በእግራቸው ጨረሱት። ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግተው ደወሉ።

አነሳችው።

«እንዳትሄጂ ልጄ። በዘጠኝ ሰዓት ትልቅ ሞገድ ይመጣል።»

«አንሄድም አባዬ፣ አስቀርተነዋል። ለምንድነው እንዲህ የምታለከልከው? የት ነህ?»

ሐኪም ጋራ መሆናቸውን ነገሯት። አልመለስም፣ ዘጠኝ ሰዓት እስኪያልፍ እዚሁ እቀመጣለሁ አሏት። ብሌን አሰበችው። አባቷ ያን ሁሉ ሰዓት ፀሐይ ላይ፣ ያልመጣ ሞገድ እየፈሩ ሊቀመጡ ነው።

«አባዬ፣ ሞገዱ አሁን ነው። እያናወጠን ያለው እሱ ነው። ገጹ ላይ ያለው ሰዓት የኛ አቆጣጠር አይደለም። መሣሪያዎቹ ሁሉ በአንድ የዓለም ሰዓት ነው የሚጽፉት፤ እሱ ዘጠኝ ሲል እኛ ሐረር ስድስት ነው።»

ጋሽ እንደሻው ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ። የዓመቱ ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ አላቸው።

«ታዲያ እኔ ይመጣል ስልሽ የነበረው…»

«መጥቶ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እነግርሃለሁ እያልኩ ነው ዓመት ያለፈው። እዚህ የአየሩን ትንበያ የሚነግረን ሞልቷል። ገመዱን በሁለት እጅሽ ያዢ የሚለኝ ግን የለም። ካወቅህ መደወል ታቆማለህ ብዬ ፈራሁ።»

ማፈሩም መጣ፣ ሆድ መባባሱም መጣ። ገጹን ከፈቱ። ሰባት ሰዓት አለፍ ብሏል፤ አዲስ መስመር ገብቷል፣ ሦስት ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር ይላል። ቁጥሩን አነበቡላት።

«አዎ» አለች፤ «ቀለል ብሎናል። ቅድም ይንከባለል የነበረው ብርጭቆዬ አሁን ቆመ።»

ጋሽ እንደሻው ቁጥሩን ትክ ብለው አዩት። ዓመት ሙሉ የነገ ዜና መስሏቸው ሲፈሩት የኖሩት ቁጥር፣ ለካ ልጃቸው ያለችበት ደቂቃ ነበር። አሁን ከፍ፣ አሁን ዝቅ የሚያደርጋት ውሃ እዚህ መዳፋቸው ላይ ነው። ሳቃቸው መጣ፤ እሷም ሰምታ ሳቀች።

የሚያስጠነቅቁት ነገር ግን አለቀባቸው። ዓመት ሙሉ ለልጃቸው ሲደውሉ ሞገድ ከሌለ ምን እንደሚባል ረስተውት ኖሯል። ትንሽ አሰቡና፣

«ምሳ በላሽ?» አሏት።

አልበላሁም፣ ሞገዱ መች አስበላኝ አለች። እሳቸውም ጠዋት ከበሉት በቀር አልቀመሱም ነበር፣ ያንን ነገሯት። የቤቱን ጣሪያ፣ የጎረቤታቸውን የወይዘሮ ሥራዬን ሁለተኛ ልጅ፣ የነስሮን አዲስ መነጽር አወሩ። ሒሳቡን ተቀብሎ ከታች ሲጠብቅ የነበረው ባለባጃጅ ሁለቴ ጥሩምባ ነፋ። ጋሽ እንደሻው እጃቸውን ወደሱ አወናጭፈው፣ ሂድ አሉት፣ በእግሬ እወርዳለሁ።