የብቻ ማንበቢያዋ ክፍል

ባለፈው ወር በሌላ ጉዳይ ጋምቤላ ሄጄ በባጃጅ ወደ ባሮ ዳር ስወርድ፣ ሕንፃው ሳይታየኝ ጫጫታው ደረሰኝ። ሹፌሩ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ዞር ብሎ «ላይብረሪ ነው» አለኝ። ጫጫታው በከፊል የእኔ ሥራ ነው።

ሕንፃውን ስነድፍ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ሰው ያላየውን ሁሉ አውቃለሁ የሚልበት ዕድሜ። ለአንድ የጋምቤላ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትና የሳይንስ ማዕከል ንደፍ ተባልኩ፤ የሥራ ባልደረቦቼ ሙቀቱን ፈርተው ስለሸሹ ነው የደረሰኝ። አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ፣ ሹራብ ለብሼ ነደፍኩት። ይህ ብቻውን ብዙ ይናገራል። በግራ መጻሕፍት፣ በቀኝ ሳይንስ፣ መካከላቸው ወፍራም ግድግዳ። ጠረጴዛዎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ፣ ለአንድ ልጅ አንድ። «ጸጥታ» የሚለው ቃል በቀይ ቀለም የሚጻፍበትን ቦታ ሳይቀር አመልክቼ ነበር።

በመጋቢት ፕላኑን ጠቅልዬ ወረድኩ። ወረቀቱ ከላቤ ጋር ክንዴ ላይ ይጣበቃል። የሳይንስ መምህርቷ አርየት ማንጎ እየላጠች ተቀበለችኝ፤ ግማሹን ለእኔ ሰጥታ ፕላኑ ላይ አጎነበሰች።

«ልጆቹ የት ይቀመጣሉ?»

«እዚህ፤ እያንዳንዱ ለብቻው፣ ወደ ግድግዳ ዞሮ።»

«ምን አጠፉ?»

ፕላኑ በማግስቱ ጠዋት ለትምህርት ቢሮው ይቀርባል። ማኅተም ካረፈበት በኋላ የሚቀየር ነገር እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ማንጎዋን ሳትጨርስ ግቢው ውስጥ ወዳለው ትልቅ ዛፍ ጥላ ወሰደችኝ።

ዘጠኝ የሚሆኑ ልጆች አንድ መጽሐፍ ከበው ነበር። አንዲት ልጅ አማርኛውን ታነባለች፤ አጠገቧ ያለው ወደ አኝዋክኛ ይመልሰዋል፤ ሌላው ወደ ኑዌርኛ። ዓረፍተ ነገሩ በሦስቱም አፍ ሳያልፍ ገጽ አይገለጥም። የሚነበበው ስለ ውሃ መትነን ነው።

«ውሸት ነው!» አለ አንዱ። «ውሃ እንዴት ወደ ላይ ይሄዳል? ክንፍ አለው?»

«መጽሐፉ ነው ያለው! እኔን ምን ትለኛለህ?» አለች አንባቢዋ።

አንዱ ሮጦ ቧንቧ ሄደና የቆርቆሮ ሳህን አርጥቦ ፀሐይ ላይ አስቀመጠው። ሁሉም ከበው ጠበቁ። በጋምቤላ ፀሐይ ብዙ አያስጠብቅም። ተጠራጣሪው ሳህኑን በጣቱ ዳሰሰና በቁጣ «በይ ቀጥዪ» አላት።

«አሁን የቱ ነው ላይብረሪ? የቱ ነው ሳይንስ?» አለችኝ አርየት። «ግድግዳህን በየት ታስገባለህ፣ ኢንጂነር?»

«ቲቸር፣ ጸጥታ የሌለበት ንባብ እኮ ገበያ ነው።»

«ገበያ ሰው ይመጣል» አለች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ያረፍኩበት ሆቴል በረንዳ ላይ፣ ግድግዳውን በላጲስ አጠፋሁት። ጠረጴዛዎቹ ረጃጅም አግዳሚዎች ሆኑ፤ ሰፊ በረንዳ ዙሪያውን፣ ጫፉ ላይ ቧንቧ። ግን ተሸንፌ ብቻ መውጣት አልሆነልኝም። ጥግ ላይ ለአንድ ወንበር የምትበቃ ክፍል አስቀረሁ።

«ይሄስ?» አለች በማግስቱ ጠዋት፣ ወደ ቢሮው ልሄድ ስል።

«የብቻ ማንበቢያ።»

«የቅጣት ቤት በለው» ብላ ተወችልኝ።

እንግዲህ ባለፈው ወር ከባጃጁ ወርጄ ገባሁ። በረንዳው በልጆች ተሞልቷል። ቧንቧው ጋ አንድ ነገር ይሰምጣል አይሰምጥም ብለው የሚጨቃጨቁ አሉ። የጥጓን ክፍል በር የገፋሁት መጥረጊያና የተቀደደ ኳስ ጠብቄ ነው። አርየት ነበረች፤ ጸጉሯ ሸብቶ፣ መነጽር አድርጋ፣ ብቻዋን ታነባለች። ለሰላምታ አፌን ስከፍት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ምን አጠፋሽ?» አልኳት በሹክሹክታ።

ሳቋን በመጽሐፉ ሸፈነችው። «አረጀሁ። አንተ ልክ ስለሆንክ እንዳይመስልህ!»

በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁላት። ንባብ የብቻ ነው ብዬ ዛሬም እከራከራለሁ። ብቻ፣ በዚያች ክፍል የሚቀመጠው ሰው አስቀድሞ በረንዳው ላይ «ውሸት ነው!» ብሎ የጮኸ ቢሆን እመርጣለሁ።