የዐም ኢድሪስ ሽጉጥ

በየቀዳዳው ባሩድ ተጠቅጥቆ ከኋላው የመዳብ ቆብ የሚደረግለትን የድሮ የወታደር ስድስት ጎራሽ ፈትቶ የሚገጥም ሰው በኻርቱም ቢፈለግ፣ የሚገኘው እኔው ነኝ። ያስተማረኝ የለም። አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና እየጠገንኩ፣ በራሴ ዓይንና በራሴ ሞረድ ተማርኩ። ዐማራት የሚባለው የሀብታም ሰፈር ባለቪላዎች መኪና ልከው ያስመጡኝ ነበር። አሥራ አንድ ሽጉጥ ሰብስቤአለሁ። ይህን ለሰው ሁሉ ሳወራ ኖሬአለሁ፤ ቀጥዬ የምጽፈውን ግን የንስሐ አባቴም አልሰሙት፣ ሚስቴም ሳታውቀው ሞተች።

አጎቴ እንደማለት «ዐም» የምለው ኢድሪስ ጎረቤቴ ነው፤ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ። ከአያቱ የወረሰው ሽጉጥ ከእኔ ምርጥ ሽጉጥ ጋር መንትያ ነበር። ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት እንዳጸዳለት አመጣው፤ እንደ ሰፈሩ ሰው «ኡስታ»፣ ባለሙያው፣ ነው የሚለኝ።

«ያ ኡስታ፣ ሚስቴ ከእኔ አስበልጣ የምትወለውለው ነገር ነው። ከቧጨርከው ሁለታችንንም ከሰፈር ታባርረናለች!»

ሳቅሁ። እየሳቅሁም ዓይኔ ከበሮው ላይ ነበር፤ ስድስቱ ቀዳዳ ያለበት፣ የሚሽከረከረው ብረት ላይ። የእኔን ዝገት በልቶታል። የእሱ የፋብሪካው ምልክት እንኳ አልደበዘዘም። ለሰብሳቢ ደግሞ አካሉም፣ አፈሙዙም፣ ከበሮውም አንድ ቁጥር ካልያዙ ሽጉጡ ሽጉጥ አይደለም። ስለዚህ የእሱን ከበሮ በእኔው ቀየርኩት። እኔ ነኝ የቀየርኩት። የሁለቱንም ከበሮ ቁጥር ሞርጄ አለዋውጬ መታሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ማን ይሠራል?

በዚያ ዘመን ግን እያንዳንዱ ከበሮ ለገዛ አካሉ በእጅ እየተሞረደ ነበር የሚገጠም። የእኔ ከበሮ በእሱ ሽጉጥ ላይ ሲቆም ቀዳዳው ከአፈሙዙ በፀጉር ያህል ይስታል፤ ቢተኮስ ጥይቱ የአፈሙዙን ጠርዝ መትቶ ብረቱን ሊያፈነዳው ይችላል። አየሁት። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ ነው፣ ማን ይተኩሰዋል አልኩ።

ጦርነቱ ሰፈራችን ሲገባ ሰው ወጣ፤ እኛ ሽማግሌዎቹ ቀረን። ዘራፊዎች ከቤት ቤት ይዞሩ ጀመር። አንድ ጠዋት ዐም ኢድሪስ በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ያ ኡስታ፣ የአያቴ ሽጉጥ ይተኩሳል?»

«አይተኩስም» የምትል አንድ ቃል ነበረች። ለምን አልወጣችም? «የእኔ እጅ የነካው ምን ጊዜም ይተኩሳል» አልኩት።

«ወላሂ፣ ልቤ ዐረፈ» አለ።

ከዚያ በኋላ ቀን በቀን ጆሮዬን ወደ አጥሩ አድርጌ ተቀመጥሁ። ተነስቼ ሄጄ መንገር እችል ነበር፤ ሃያ እርምጃ አይሞላም። በአራተኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ የእሱ በር ሲሰበር ሰማሁ። ቀጥሎ ፍንዳታው። የሽጉጥ ድምፅ አልነበረም። ብረት ሲቀደድ እንዴት እንደሚጮህ አውቃለሁ።

ዘራፊዎቹ ደንግጠው ሸሹ። እጁን በሚስቱ ነጠላ ጠቅልሎ ወለሉ ላይ አገኘሁት።

«ይቅር በለኝ ያ ኡስታ» አለኝ። «ሥራህን አበላሸሁት። ባሩዱን አብዝቼበት ይሆናል።»

«አብዝተህበት ነው» አልኩት። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት። ይህ ከበሮውን ከመቀየሬም ይከፋል።

ምሕረት አልለምንም፤ ለሚጠይቀኝ የማቀርበው ምክንያትም የለኝም። ሕይወቴን ሙሉ የሠራሁትን ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬም ልቁጠር። አሥራ አንድ ሽጉጥ ከዝገት አዳንኩ። ማንም ሊለየው ያልቻለ ቁጥር መታሁ። ንጹሑን ከበሮ አገኘሁ፤ አሁንም ዘይት ተቀብቶ እኔ ዘንድ አለ። የጎረቤቴን አራት ጣት ቆረጥሁ። እሱኑ ይቅርታ አስጠየቅሁት።