የቦዩ ክዳን የተነሳበት ቀን

ልብስ ሰፊዋ አራተኛውን የቁልፍ ቀዳዳ እየዘመዘመች ነበር። ግራጫው ካፖርት ጭኗ ላይ ተዘርግቷል። መርፌዋ ከጨርቁ ብቅ ባለች ቁጥር ክሩን አንድ ጊዜ ትጠመጥምባትና ወደ ራሷ ትስባታለች፤ አንዱ ጥልፍ ከሌላው እንዳይበላለጥ ትንፋሿን ትይዛለች። የሚቀራት አምስተኛው ቀዳዳ ብቻ ነው። እሱን እንደጨረሰች ካፖርቱን መንገድ ተሻግራ ለመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ታደርሳለች። ሴትየዋ ነገ በማለዳ ወደ ብርድ አገር መንገደኛ ናት፤ መድኃኒት ቤቱንም አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትዘጋለች፤ ከዚያ ወዲያ አትገኝም። «አደራ እትዬ፣ ሌላ ካፖርት የለኝም» ብላታለች።

ዓይኗን ለማሳረፍ በመስኮቱ ቁልቁል ስታይ እጇ ባለበት ቀረ።

ሁለት ወጠምሾች ከዳቦ ቤቱ ጥግ የቦዩን የመጨረሻ የሲሚንቶ ክዳን በብረት ፈንቅለው መኪና ላይ ጫኑት። ከኋላቸው ሌላ ሰው አሮጌ ጣውላ የሚመስል ነገር በክፍቱ ቦይ ላይ ይደረድራል። አንዱን አንስቶ በሁለት ጣቱ ሲያዞረው አየችው። ካርቶን ነው፤ የተቀባ ካርቶን። ድንጋይ ንጣፉ ላይ አሸዋ ፈስሷል።

ፊልም እንደሚቀረጽ ታውቃለች። ቀኑ ግን ነገ ነበር፤ ለባሏም ማታ ልትነግረው አስባ ነበር።

የግድግዳ ሰዓቷን አየች። ለአሥራ አንድ ሦስት ደቂቃ ይቀረዋል። ባሏ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከአውቶቡስ ይወርዳል፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ዳቦ ቤቱ ጥግ ላይ ነው።

ባሏ በአንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያ ላይ ስለሚሠራ ሰፈሩ «ስልከኛው» ይለዋል። ዓይኖቹ ከልጅነቱ ጀምሮ አያዩም። ሃያ ስድስት ዓመት ብቻውን ሄዶ ብቻውን ተመልሷል። ዘንጉን የቦዩ ክዳን ላይ ኳ ኳ እያደረገ ይመጣና፣ ዳቦው ሲሸተው ወደ ግራ ታጥፎ ክዳኑን ረግጦ ይሻገራል። እሷም ስፌቷን ለዚሁ አስተካክላለች። የቡናማ ኮቱ ኮሌታ ውስጥ አንድ ቋጠሮ፣ የጥቁሩ ውስጥ ሁለት ቋጠሮ ሰፍታለታለች፤ ማንንም ሳይጠይቅ ለብሶ ይወጣል። ሁለቱንም እንደ ድሮው ፋሽን ሰፊ ኮሌታ አድርጋ ነው የሰፋችው፤ ከዚያ ወዲህ የመጣውን አይወድም።

የእጅ ስልክ አይዝም። «ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ተንጠልጥሎ የሚውለው አንሶኝ ኪሴ ልክተተው?» ይላል። መሥሪያ ቤቱ ደወለች።

«እትዬ፣ ከወጣ ሃያ ደቂቃ ሆነው» አለቻት ባልደረባው። «እሱ እኮ ደቂቃ አያዛንፍም።»

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያኔ ትዝ አላት።

ከሦስት ቀን በፊት ቢጫ ሰደርያ የለበሰች የፊልሙ አስተባባሪ ወረቀት ይዛ መጥታ ነበር። «እማማ፣ ሳያነቡ እንዳይፈርሙ» አለቻት። «መንገዱ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይዘጋል። ደጃፍዎ ፊልሙ ላይ ይታያል፤ ካልወደዱ እንተወዋለን። ቀኑ ከተለወጠ የውጭ በር ላይ እንለጥፋለን። አንዱ ቅጂ የርስዎ ነው፤ ስልኬ ከግርጌው አለ።»

ልብስ ሰፊዋ የተማረችው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ጣቷን ከቃል ቃል እያሻገረች ሁሉንም አነበበች። ከታች አንድ ጥያቄ ነበር፦ በቤቱ ውስጥ ለመንቀሳቀስ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው አለ? ብዕሯ እዚያ ላይ ቆመ። ባሏ አውቶቡስ ውስጥ ወንበር የለቀቀለትን ጎልማሳ «የሚቆመው እግሬ ነው፤ ዓይኔን ምን አገባው?» ብሎ መልሶ ያስቀመጠ ሰው ነው። እሱን በጽሑፍ «እርዳታ የሚያስፈልገው» ማለት ከኋላው ማማት መሰላት። «የለም» ብላ ጻፈች። ፊደሏን እንኳ አሳምራ ነበር።

አሁን ደረጃውን በነጠላ ጫማዋ ወረደች። የውጭ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ ነገ ዝናብ ስለሚሆን ቀረጻው ዛሬ ነው። ከጠዋት ጀምራ ካፖርቱ ላይ ተጎንብሳ ስለዋለች አልወጣችም፤ አላየችውም።

አስተባባሪዋ በሩ ላይ ቆማ ክንዷን ዘረጋችባት። «ቀረጻ ተጀምሯል እማማ» አለች በሹክሹክታ። «ሦስት ደቂቃ ብቻ ይታገሱኝ።»

«ባለቤቴ በዚህ መንገድ ይመጣል ልጄ።»

«ላይኛው ጫፍ ሰው አቁመናል። ያቆይልዎታል።»

«ዓይኑ አያይም።»

ይህን ቃል ለሌላ ሰው ተናግራ አታውቅም። ምላሷ ላይ ከበዳት።

አስተባባሪዋ ወረቀቶቿን ገለበጠች። «እዚህ ‹የለም› ነው የሚለው።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ልጅቷ አንዴ አየቻትና ሬዲዮዋን አፏ ላይ አስጠጋች። «ላይኛው ጫፍ፣ አንድ ዓይነ ስውር አባት ይመጣሉ። ባሉበት አቁሟቸው።»

ሬዲዮው ተንሿሿ። «ባርኔጣ ያደረጉት? ሰፊ ኮሌታ? አልፈዋል እኮ። ‹ወዴት ነው?› ስላቸው ‹በዚህ ሰዓት ሰው ወዴት ይሄዳል? ወደ ቤቴ› አሉኝ። ከተዋናዮቹ አንዱ መስለውኝ፤ ዘንጉም እንዴት እንዳማረባቸው።»

በፊልሙ ታሪክ አንድ ሌባ ሲሮጥ ጣውላውን ጥሶ ቦዩ ውስጥ ይወድቃል። ፍራሽ የተነጠፈው እሱ በሚወድቅበት ቦታ ብቻ ነው። ዳቦ ቤቱ ጥግ ላይ ፍራሽ የለም፤ ቦዩም የሰው ደረት ያህል ይጠልቃል። አስተባባሪዋ «አቁሙ፣ አቁሙ» እያለች በሬዲዮው ተጣራች። የሚመልስ አልነበረም። ካሜራው ሲቀርጽ አጠገቡ ያሉት ሁሉ ሬዲዮ ይዘጋሉ።

ልብስ ሰፊዋ በልጅቷ ክንድ ስር ሾልካ ወጣች።

መንገዱ የድሮ ልብስ በለበሰ ሰው ተሞልቷል። በመሃላቸው ባሏ ይመጣል፣ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ልማዱ። አሸዋው የዘንጉን ድምፅ ውጦታል። ጥጉ ላይ ሲደርስ አፍንጫውን ከፍ አደረገ፤ ዳቦው ሸተተው። ወደ ግራ ታጠፈ።

ይህች ሴት ገበያ ውስጥ እንኳ ዋጋ የምትጠይቀው በሹክሹክታ ነው። ድምፅዋ ከየት እንደመጣ አታውቅም።

«አንተ ሰው! ባለህበት ቁም!»

ዘንጉ ካርቶኑን ነክቷል፤ ቀኝ እግሩ ተነስቷል። እግሩ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተመለሰና ከሌላው እግሩ ጎን አረፈ።

መንገዱ ሙሉ ዞሮ አያት። ከካሜራው በስተኋላ ዳይሬክተሩ «ማናት እሷ?» ሲል ሰማች። አንዱን ጫማዋን አሸዋው ውስጥ ጥላ ባሏ አጠገብ ደረሰች።

«ጮኽሽ» አላት።

«ጮኽኩ።»

«ጎረቤት ምን ይላል?»

«ጎረቤቱ ሁሉ ባርኔጣ አድርጎ እየተወነ ነው።»

የዘንጉን ጫፍ ይዛ ካርቶኑ ላይ ተጫነችው። ካርቶኑ ተቀደደና ዘንጉ እስከ እጀታው ሰመጠ። ቅዳጁ ከታች ውሃው ላይ ሲያርፍ ሁለቱም ሰሙ። ስልከኛው ዘንጉን ስቦ አወጣ።

«ድምፁ ተለውጦብኝ ነበር» አለ። «አሸዋው ነው ብዬ ናቅሁት። እነዚህ ሰዎች ሳይጠይቁ ነው እንዲህ የሚያደርጉት?»

«ጠይቀዋል። ‹እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው አለ?› አሉኝ፤ ‹የለም› ብዬ ጻፍኩ።»

«ለምን?»

«እንዳይከፋህ።»

«ቦዩ ውስጥ ብገባም እኮ ይከፋኝ ነበር።»

አስተባባሪዋ ደርሳ ይቅርታ መጠየቅ ስትጀምር እጁን አነሳ። «ወረቀቱን ለሷ ስጫት ልጄ።» ፊቱን ወደ ሚስቱ አዞረ። «‹የለም›ን ሰርዢው።»

ወረቀቱን ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ አስደግፋ ሰረዘችው። «ምን ልበል?»

«አለ በይ። የሚያስፈልገው እርዳታ ሳይሆን ወሬ ነው በይ፤ ክዳንም ሆነ ድንጋይ ከቦታው ሲነሳ ቀድሞ ይነገረው።»

ጻፈች። ግድግዳው ሸካራ ስለሆነ ፊደሉ እንደ ጉንዳን ተበታተነ።

የነገው ዝናብ ካለፈ በኋላ ገና የሁለት ቀን ቀረጻ ይቀራል። አስተባባሪዋ በየማቋረጫው እውነተኛ ሳንቃ እንዲነጠፍ አዘዘች፤ ዳይሬክተሩም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን እያየ ጠበቀ። ስልከኛው እጁን በሚስቱ ክንድ አሳለፈ፤ በመንገድ ላይ እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው። «በይ፣ ከላይኛው ጫፍ እንጀምር» አላት። «የተለወጠውን አንድ በአንድ ንገሪኝ።»

ነገረችው። አሸዋው የሚጀምርበትን፣ ሳንቃው ስንት እርምጃ ላይ እንዳለ፣ የጄኔሬተሩ ገመድ በየት በኩል እንደሚያልፍ። ወርደው ጨረሱ። «አንዴ ድገሚልኝ» አለ። ተመልሰው ወጡ። ሁለተኛውን ሲወርዱ ከመድኃኒት ቤቱ በኩል የብረት መዝጊያው እየተንገጫገጨ ወረደ።

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ መስኮቷን አየች። ካፖርቱ ከመስኮቱ ጀርባ ወንበሩ ላይ ተጋድሟል፤ መርፌዋም አራተኛው ቀዳዳ ላይ እንደተሰካች ናት።

«ምነው ቆምሽ?» አላት።

«ምንም» አለችው። «ዘጠና አንደኛው እርምጃ ላይ ነን፤ ቁጠር።»