ሳይከፈት የተመረቀው ፍራሽ

እናቴን ከጎጃም ወደ ሀዋሳ ያመጣኋት ዳሌዋ ከተሰበረ በኋላ ነው። ወንድሞቼ «አንቺ ደመወዝተኛ ነሽ፣ ከተማ ነው ያለሽው» አሉና አስረከቡኝ። እሷ የደጋ ሰው ናት። ላብ የምታውቀው አጨዳ ላይ ብቻ ነበር። እዚህ ግን ሙቀቱ ከሐይቁ እርጥበት ጋር ሲደረብ የጀርባዋ ላብ አንሶላውን አልፎ ከሥሩ ያነጠፍኩት ፕላስቲክ ላይ ይጠራቀማል። በሁለተኛው ወር ሳጥባት ከወገቧ በታች፣ ጭራ አጥንቷ ላይ፣ እንደ በርበሬ የቀላ ነገር አየሁ። በጣቴ ስጫነው አልነጣም።

ከጎኔ ተከራይታ የምትኖር የሲዳማ ልጅ አለች፤ ነርስ ናት። ጠርቼ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ አየችና ወደ ውጭ ሳበችኝ።

«ይሄ ሊከፈት ነው። ከተከፈተ አጥንት ድረስ ይሄዳል። እማማ ደግሞ በዚህ ዕድሜያቸው አይችሉትም።»

«ምን ላድርግ?»

«በየሁለት ሰዓቱ ማዞር። የሚተኙበትን መቀየር። የአየር ፍራሽ የምትገዢ ከሆነ እዚያው ሱቅ ውስጥ አስነፊው፣ ተኚበትና እዪው። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ጠይቂ። ሰምተሻል?»

ሰምቻለሁ አልኳት። ሰምቼም ነበር።

ነገር ግን በእኛ ቤት ለወላጅ የተገዛ ነገር በልጅ አይሞከርም። ታላቅ ወንድሜ አንድ ጊዜ ለአባቴ የገዛውን ጫማ መንገዱ ጭቃ ስለሆነበት አጥልቆት መጣ። አባቴ ጫማውን ተቀበለ፣ ምርቃቱን ግን ከለከለው። «ትራፊ አምጥተህ ምርቃት ትጠይቀኛለህ?» አለው። ወላጅ በገዛ እጁ ይፈታል፣ ቀድሞ ይገለገልበታል፣ ይመርቃል። እኔ ደግሞ ያንን ምርቃት ፈለግሁት። ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም፤ ሰው አገር ተቀምጬ ያለኝ የእናት አፍ ነው።

በጽዋ ማኅበራችን ውስጥ የአረጋውያን ዕቃ የምትነግድ ሴት ነበረች። ዊልቸር፣ ምርኩዝ፣ የአዋቂ ዳይፐር፣ የመጸዳጃ ወንበር ትሸጣለች። ሱቋ ገበያው አጠገብ ነው፤ ከበሩ በላይ የእመቤታችን ሥዕል፣ ከኋላ ዕቃ የሚቀመጥበት መጋረጃ። በወር በወር አንድ ጽዋ የምንቀባበል ሰዎች ነን። እህትን ደግሞ «ደረሰኝ ስጪኝ» ማለት አሳፈረኝ።

«የአየር ፍራሹ ለእማማ ነው?» አለች እጄን በሁለት እጇ ይዛ። «እኔ ልድከምልሽ! አንቺ እኮ የተባረክሽ ነሽ። ስንቱ እናቱን ጎረቤት ላይ ጥሎ ይሄዳል።»

«አዲስ ነው አይደል?»

«ምን ማለትሽ ነው እህት ዓለም? ይኸው ካርቶኑ እንደታሸገ! ልክፈትልሽ?» መቀሱን አነሳች። ከዚያ ቆም ብላ ፈገግ አለች። «እናንተ ቤት ግን ለእናት የተገዛ አይከፈትም አይደል? ባለፈው ማኅበር ላይ አጫውተሽናል።»

አጫውቻቸው ነበር። ያውም በኩራት።

«አይከፈትም» አልኳት።

«አየሽ! ወግ የሚያውቅ ሰው እንዴት ደስ ይላል!» መቀሱን አስቀመጠች። ካርቶኑ ላይ መሀሉ ክፍት የሆነ የጎማ ቀለበት ጨመረችበት። «ይሄን ከሥራቸው አድርጊላቸው፣ የቀላው ቦታ አየር ያገኛል። ሒሳቡ ለብቻው ነው።» ሁለቱንም ገዝቼ በባጃጅ፣ እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አቅፌ ወደ ቤት ወሰድኳቸው።

እናቴ የታሸገውን ካርቶን ስታይ ፊቷ በራ። ገና ሳትከፍተው ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ውለጂ፣ ክበጂ። እኔን እንዳሳረፍሽኝ ጎንሽን ያሳርፍልሽ። የሸጠችልሽም እጇ ይባረክ፣ ገበያዋ ይድራላት።»

ግንባሬን ጉልበቷ ላይ አድርጌ አሜን አልኩ። ከዚያ ቴፑን በጥፍሯ ቀደደችው።

ሽታው ቀድሞ ወጣ። የቆየ ሽንት ነው፤ በላዩ ሽቶ ተረጭቶበታል። የባሰብኝ ሽቶው ነው። ሽንት ሽንት ነው፣ የሰው ልጅ ነን፤ እናቴን በቀን ስንት ጊዜ አጥባታለሁ፣ አንድም ቀን ተጸይፌያት አላውቅም። ሽቶው ግን የሰው እጅ አለበት። አንዲት ሴት አፍንጫዋን ይዛ ቆማ፣ ፊስ ፊስ አድርጋ፣ አጣጥፋ፣ በአዲስ ቴፕ አሽጋዋለች። በዚያው አፏ ነው እህት ዓለም ያለችኝ። ስዘረጋው መሀሉ ላይ ቢጫ እድፍ አገኘሁ፤ ጥጉ ላይ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ጥቁር ልጣፍ አለ፤ እጥፋቱ ውስጥ ደግሞ በላብ የተጣበቀ አጭር ነጭ ፀጉር። በር ላይ ወጥቼ ምራቄን ተፋሁ።

ስመለስ እናቴ ፀጉሩን እያየች ነበር።

«ደህና ነው፤ ዘርጊልኝ» አለች።

«እማዬ፣ ይሸታል እኮ!»

«መርቄዋለሁ። የተመረቀ ነገር አይመለስም። ዘርጊው ብያለሁ።»

ይህን ስጽፍ ራሴን የምጸየፈው እዚህ ላይ ነው። ዘረጋሁት። ፀጉሩን በወረቀት ለቅሜ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩ፣ በበረኪና ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ ከዚያም እናቴን በማላውቀው ሰው እድፍ ላይ አስተኛኋት። ቀለበቱንም ከሥሯ አደረግሁላት። ሁለት ቀን ሙሉ ከቢሮ ለምሳ ስመለስ ፍራሹን የሚነፋው ሞተር እንደታመመ ድመት ሲያጉረመርም አገኘው ነበር። በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር። ፍራሹ እንደ ባዶ ስልቻ ተኝቷል፣ እናቴ የአልጋው ጣውላ ላይ ናት፣ ቀለበቱ ብቻ ከሥሯ ተነስቶ ወገቧን እንደ ሰቀላት ነው።

«ለምን ሰው አልጠራሽም?»

«ደህና ነኝ» አለች። ከንፈሯ ደርቋል። በጎኗ ሳዞራት የቀላው ቦታ ተከፍቷል፤ ከአምስት ጣቴ ጫፎች ይሰፋል።

ነርሷን ሮጬ ጠራኋት። መጀመሪያ ያደረገችው ቀለበቱን መዝዛ በበሩ መወርወር ነው።

«ይሄን ማነው የሰጠሽ? ዙሪያውን አንቆ ደም እኮ ነው የሚከለክለው! ፍራሹንስ ተኝተሽበት አይተሽዋል?»

ስለ ወጋችን ነገርኳት። ጓንቷን እያጠለቀች በሲዳምኛ አንድ ነገር አጉረመረመች፤ ከዚያ ዞር ብላ በአማርኛ፣ «አክብረሽ ልትገድያቸው ነው እንዴ?» አለችኝ።

በማግስቱ ሱቁ ሄድኩ።

«ሰው የተኛበት ፍራሽ ነው የሸጥሽልኝ» አልኳት።

«ሐይቅ ዳር ሆቴል ብታድሪ ሰው ያልተኛበት አልጋ ሊሰጡሽ ነው?»

«ሽቶ ረጭተሽበታል!»

«እና እንዲሸትሽ ነበር የፈለግሽው?» ዕቃ የሚመርጡ ሁለት ሴቶች ሳቁ። ይበልጥ ደስ አላት። «ልክፈትልሽ አላልኩም? መቀሱን አላነሳሁም? አትክፈቺ ያልሽው አንቺ። አሁን ደግሞ በአደባባይ የማኅበር እህትሽን ታዋርጂያለሽ። ነውር አታውቂም?»

ነውር አውቃለሁ። ያስበላኝም እሱው ነው።

ተጣልቶ ጽዋ አይጠጣም። ስለዚህ በማኅበሩ ቀን፣ ጸሎት ካለቀ በኋላ፣ ሙሴያችን ሁለታችንንም ፊቱ አስቀመጠን። ሙሴ የምንለው የማኅበሩን ሰብሳቢ ነው። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ዛሬም ቢሆን በብስክሌት ነው የሚመጣው። ሚስቱ ያረፈችው አምና ነበር።

«ልጆቼ፣ ምን አጣላችሁ?»

«በአንድ ፍራሽ ነው አባባ» ቀደመችኝ። «ትንሽ ነገር ናት። ይቅር በይኝ ብያታለሁ፣ እሷ ናት እንቢ ያለችው።»

አላለችኝም። ከኋላዬ ግን አንዷ «በቃ ይቅር በያት፣ ጠላው ሞቀ እኮ» አለች፤ ሌሎቹ አጉረመረሙ። እኔ የእናቴን ቁስል ነገርኳቸው። ስለ ሽታው ነገርኳቸው። ስለ ልጣፉ ስነግር ሙሴ እጁን አነሳ።

«ልጣፉ ጥቁር ነው? ጥጉ ላይ?»

«አዎ አባባ። የብስክሌት ጎማ።»

«እኔ ነኝ የለጠፍኩት» አለ ቀስ ብሎ። ወደ እሷ ዞረ። «አርባዋን ያወጣሁ ዕለት ለነፍሷ ብዬ የሰጠሁሽ አይደለም? ለተቸገረ፣ በነጻ ስጪልኝ ብዬ?»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካከለች። ይቅርታ ትጠይቃለች ብዬ ጠበቅሁ።

«እኔም እኮ ተቸግሬያለሁ አባባ» አለች።

የዚያን ቀን የተሰማኝ ከፍራሹ ሽታ የባሰ ነው። ሽታውስ በበረኪና ይቀንሳል። ያረፈችው የሙሴ ሚስት ለዚህ ከተማ እንግዳ ሳለሁ ቤቷ ያስገባችኝ፣ ማኅበሩንም ያስተዋወቀችኝ ናት። በወረቀት ለቅሜ፣ ፊቴን አዙሬ የጣልኩት የእሷን ፀጉር ነበር። ሙሴ መነጽሩን አውልቆ ያለቅስ ነበር። ሌሎቹ አሁንም «ይታረቁ፣ ይታረቁ» ይሉ ነበር፤ ጽዋው ተሸፍኖ ይጠብቃል። ሰዓቴን አየሁ። እናቴን የማዞርበት ሰዓት ደርሶ ነበር። ሳልጠጣ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ወፍራም ስፖንጅ ፍራሽ ገዛሁ፤ መብራት የማይፈልግ። ሱቁ ውስጥ ጫማዬን አውልቄ በጎኔም በጀርባዬም ተኛሁበት፤ በጉልበቴ ተጫንኩት፣ ልባሱን ገልጬ አሸተትኩት። ባለሱቁ ሙስሊም ሽማግሌ ነው። «እህቴ፣ ብርድ ልብስ ልጨምርልሽ ወይስ ልቀስቅስሽ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ይሳቅ። ደረሰኜን ይዤ ወጣሁ። ለእናቴ ተኝቼበት እንዳመጣሁት ነገርኳት። «አስተኚኝ» አለች። አልመረቀችኝም።

ሴትዮዋ ሱቋን አልዘጋችም። ገበያዋም ደርቷል። የንስሐ አባቴ ይቅር ካላልኩ ሥጋ ወደሙ እንደማልቀበል ነግረውኛል። «ቁስሉ ሲደርቅ፣ አባ» አልኳቸው።

«ይቅርታ ቀጠሮ የለውም፣ ልጄ።»

እውነት ነው። አውቃለሁ። ሳልቆርብ ስንት ሳምንት እንዳለፈ እናቴም ታውቃለች፤ የራሷን ቁስል ግን ልታየው አትችልም። ጠዋት ጠዋት ጨርቁን ስቀይርላት ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ትጠይቀኛለች።

«ደረቀ?»

ጎኖቹ ጠበዋል። ነርሷ መልካም ነው ትላለች። መሀሉ ግን አሁንም ቀይ ነው፣ አሁንም ያዣል።

«ገና ነው፣ እማዬ።»

«ደርቋል በይና ሂጂ ቁረቢ» ትለኛለች።

እኔም ጨርቁን አጥፌ በሌላኛው ጎኗ አዞራታለሁ።