ከኋላችን የቆመው ቀርከሃ

የመጨረሻ ልጄ አሶሳ የአዲስ ክልል ዋና ከተማ በሆነች ሰሞን የተወለደች ናት። ታላላቆቿ ከወሎ የመጡት በእቅፌና በጀርባዬ ነው። እሷ ግን የዚሁ አገር ልጅ ስለሆነች ሙቀቱም ዝናቡም አይከፋትም። አሶሳ ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ትሠራለች። እሑድ ስልኳን ይዛ ትወጣና ወፉን፣ የምስጡን ኩይሳ፣ የሰፈራ ጊዜውን የፈረሰ መጋዘን፣ ያገኘችውን ሁሉ ታነሳለች። ያነሳችውን ኢንተርኔት ላይ ባላት ገጽ ለሰው ታሳያለች። የወደደችውን ደግሞ በሱቁ ማተሚያ አትማ ትልቅ አልበም ውስጥ ትለጥፈዋለች፤ ከጎኑ የደረቀ ቅጠል ወይም የወፍ ላባ፣ ከሥሩም ስለ ቦታው ከሽማግሌዎች የሰማችውን ታክልበታለች።

እኔ ለፎቶ ብዙም አይደለሁም። ያዘዝኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውን ሳታስፈቅድ እንዳታነሳ። ለቀርከሃ ፈቃድ ይጠየቃል ብዬ አላሰብኩም።

ቤታችን ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከሰፋሪ መንደሮች በአንዱ ነው። ከጓሯችን በታች ትንሽ ወንዝ አለ። ከወንዙ ማዶ የበርታዎች መንደር ይጀምራል። በወንዙና በመንደሩ መካከል ያለው የቀርከሃ ጫካ የጎረቤቴ ነው፤ ከባሏ ወገኖች የቆየ። ባሏ ከሞተ በኋላ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ቤት የሚሠራም አጥር የሚያጥርም ከእሷ ይቆርጣል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከመሬት የሚወጣውን ለጋ ቡቃያ ገበያ ታወርዳለች።

አማርኛ የለመደችው ከእኛ ጋር ገበያ ላይ ነው። ሴትም ሆነ ወንድ ለእሷ «አንተ» ነው። እኔን «ኡኽቲ» ትለኛለች፣ እህቴ ማለቷ ነው። ልጄ ደግሞ እንደ እሷ ልጆች «ኻልቲ»፣ አክስቴ ትላታለች።

አንድ ዓመት በጋው ሲጋመስ፣ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ወርጄ ቀና ስል ጫካው ሌላ ሆኖ አየሁት። ቅጠሉ ረግፏል። በየአንጓው ላይ እሾህ የሚመስል ክብ ክብ ነገር ተሰክቷል፤ ከክቡ ውስጥ ቢጫ ክር ወጥቶ በነፋሱ ይንቀጠቀጣል። ፀሐይ ሲያርፍበት ጫካው ሁሉ ወርቅ መሰለ። በዚህ አገር ያን ያህል ዘመን ስኖር ቀርከሃ ሲያብብ አይቼ አላውቅም። ያበበ ነገር ያፈራል ብዬ እልል አልኩ። ልጄንም ጮኼ ጠራኋት።

ጎረቤቴ ከማዶ አንዱን ዘንግ ይዛ ቆማለች።

«እንኳን ደስ ያለሽ!» አልኳት።

ጀሪካኔን አየችና «ኡኽቲ፣ አንተ ዛሬ ብዙ ውሃ ቀድተሃል» አለች።

ልጄ እየተንበረከከች፣ እየተጋደመች ስታነሳ አረፈደች። ያንኑ ቀን ገጿ ላይ አወጣችው። እንደዚያ ቀን ተመልካች በዝቶላት አያውቅም።

ከከሰዓቱ የአስር ሶላት በኋላ ጎረቤቴ ወደ እኛ ተሻገረች። ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና «ሰዎቹ ምን አለ?» ብላ ጠየቀች።

ልጄ ደስ ብሏት ታነብላት ጀመር። «አንዱ "ማሻ አላህ፣ የአሶሳ ውበት" ይላል። አንዷ "ሰርጌን እዚህ ባደርገው" ትላለች። ይሄኛው ደግሞ "ቀርከሃ አበባ አለው እንዴ? እኔ የማውቀው አጥር መሆኑን ብቻ ነው" ይላል።»

በዚህኛው ጎረቤቴ ሳቀች። «ሌላስ?»

«እንኳን ደስ ያላችሁ የሚለው ነው የሚበዛው፣ ኻልቲ።»

«ብዙ ነው?»

«በጣም ብዙ።»

«አላህ ይስጣቸው። ለቅሶ ቤት መጥቶ እንኳን ደስ አለህ የሚል ሰው፣ እኔ ዛሬ አየሁ።»

ልጄ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«ቀርከሃ አንድ ጊዜ ያብባል» አለች ጎረቤቴ። «ከዚያ ይሞታል። አንዱ ብቻ አይደለም፣ ሁሉ። የባሌ እናት ትንሽ ልጅ ሆኖ አይቷል። ለኛ ነግሯል።»

«ሁሉም?» አልኳት።

«ሁሉ። እሱ ከሞተ እኔ ምን በልቼ እዚህ እቀመጣለሁ? ባምባሲ ልጄ ጋር እሄዳለሁ። እሱ ሁልጊዜ "ና" ይላል። እኔ "ቀርከሃዬን ማን ይጠብቃል" እላለሁ። አሁን ምን እላለሁ?»

እሷ ከሄደች እኔ ከወንዙ ማዶ ሰው የለኝም። በልቤ የመጣው ይኸው ነበር። አፍሬ አልተናገርኩትም።

ይህን ለማያውቅ አንባቢ መንገር አለብኝ። ወደዚህ አገር ስንመጣ ክረምት ገብቶ ነበር። ጭቃው መኪናውን ያዘውና ራሽኑ ዘገየ። ትልቁ ልጄ መቆም አቃተው፤ እግሩ አብጦ ሆዱ ተነፍቶ ነበር። አንድ ጠዋት አንዲት ሴት፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ቅርጫት የተንጠለጠለበት በትር ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከወንዙ ወጣች። በቅርጫቱ ያለውን ቡቃያ ልጣጩን ልጣ፣ ከትፋ፣ ከእሳቴ ላይ ጣደችው። ገና ሲፈላ ለልጁ ላወጣለት እጄን ስሰድ እጄን መታችኝ። ውሃውን ደፋችው። በሌላ ውሃ ቀቀለችና ያንንም ደፋችው። ለካ ምሬቱ እስኪወጣ ነው። አንዳችን የሌላችንን ቋንቋ አንድም ቃል አናውቅም ነበር። ልጁ በላ። ክረምቱን ሙሉ ከዚያ ጫካ በላን። ዛሬ እሱ ራሱ የልጆች አባት ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

እንግዲህ ያ ጫካ ነው የሚሞተው።

በማግስቱ ልጄ ሌላ ጽሑፍ አወጣች። አበባው የሞት መሆኑን ነግራ፣ ማዳኛ የሚያውቅ ካለ ይንገረን አለች። መልስ አላጣንም። አንዱ አጭሱት አለ። ሌላው ውሃ አጠጡት አለ። አንዱ ከሥሩ ቁረጡትና እንደ አዲስ ያቆጠቁጣል አለ። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር በመጨረሻ ጻፈ፤ ማስቆሚያ የለውም፣ ዕድሜው ነው፣ ዘሩ ሲደርስ ግን ከአይጥ አስጥሉና መሬት አስይዙት ብሎ። እሱን ማመን አልፈለግንም። ቁረጡት ያለውን ሰማን።

ሦስታችን በወንዙ ዳር ያለውን ጥግ ቆረጥን። ጥቂት ቆይቶ ከጉቶው እንደ ጣት የቀጠነ ነገር ወጣ። ተመስገን አልኩ። ክንድ ሳይሞላ እሱም አበበ።

ጎረቤቴ ጎንበስ ብላ አየችው። «ይሄ ደግሞ ለመሞት ቸኩሏል» አለች። ማጭዷን ወገቧ ላይ ሻጠች። ከዚያ ወዲያ አልቆረጥንም።

ዱዓ አደረግሁ። ግን ምን ብዬ እንደምለምን ግራ ገባኝ። አላህ የወሰነለትን ዕድሜ አራዝምልኝ ማለት ከበደኝ። «ጎረቤቴን አትውሰድብኝ» ብቻ እል ነበር።

የልጄን የመጀመሪያ ፎቶ ያየ ሰው ሁሉ ሁለተኛውን ጽሑፍ አላነበበም። ሰው እየመጣ በአበባው ሥር ፎቶ መነሳት ጀመረ። አንድ እሑድ ከከተማ ሙሽሮች መጡ። ሚኒባስና ባጃጅ መንገድ ዳር አቁመው፣ ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ፣ ሚዜዎቿ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወንዙን ተሻገሩ። ጎረቤቴ የረገፈውን ለማገዶ ትለቅማለች። እኔም ላግዛት ሄጄ ነበር።

ካሜራ የያዘው ወጣት ሙሽሮቹን አቁሞ አየና «እማማ» አላት፣ «ከፎቶው ውስጥ ገብተውብኛል፣ እስኪ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ።»

ጎረቤቴ ፈቀቅ አለች።

«የማን ጫካ መስሎህ ነው ፈቀቅ የምታደርጋት?» አልኩት።

ጎረቤቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ተው፣ ኡኽቲ። ሙሽራ ነው። ሙሽራ አይባረርም።» ከዚያ እልል አለች። እኔ በአበባው ቀን እንዳልኩት፣ ከእኔ በረዘመ ድምፅ። ሚዜዎቹ ተቀበሏት። ሙሽራዋ ወደ እሷ መጥታ ጉልበቷን ሳመች። ጎረቤቴም በራሷ ቋንቋ መረቀቻት።

«እማማ፣ አበባው እስከ መቼ ይቆያል?» አለች ልጅቱ። «እህቴም በሚመጣው ዓመት ታገባለች። እዚሁ ነው የምናመጣት።»

ጎረቤቴ የልጅቱን ፊት አየች። «ኢንሻ አላህ፣ ታገባለች» አለች። የመለሰችላት ይህንኑ ብቻ ነው።

በጋው ሳያልቅ ዘንጉ እንደ ገለባ ነጣ። ነፋስ ሲመታው ይንኳኳል። ከመሬት እስከ ጫፉ ደርቆ፣ እርስ በርሱ ተደግፎ ብቻ የቆመ ነበር። ዘሩ ሲረግፍ አይጥ ከየት መጣ ሳይባል መንደሩን ሞላው። እኛ የቻልነውን ያህል ሰብስበን፣ መምህሩ እንዳለው ወንዙ ዳር አፈር አለበስነው። ጎረቤቴ በእግሯ እየደመደመች «ይሄ ሲያድግ እኔ የለም» አለች። «እኔም የለሁም» አልኳት። ያን ቀን ያጽናናን ይኸው ነበር።

ልጄ የጫካውን ነገር በአልበሟ ሠርታ ጨርሳ ኖሮ ለኻልቲ አሳየቻት። አበባው አለ። ከተቆረጠው ጉቶ ላይ ያበበው አለ። የዘሩ ፍሬ በላስቲክ ተለጥፏል። ጎረቤቴ ገጹን ቀስ እያለች ገለጠች። ጨርሳ መልሳ ወደ መጀመሪያው ሄደች።

«አረንጓዴው የት አለ?» አለች።

ልጄ ጎንበስ ብላ ገጹን አየች።

«ይሄ ሁሉ ሞቶ ነው። ደህና ሆኖ የት አለ?»

«አላነሳሁትም፣ ኻልቲ። ሁልጊዜ እዚያው ነበር። ማን ያነሳዋል?»

ጎረቤቴ አልተቆጣችም። አልበሙን ዘጋችና በመዳፏ አበሰችው። ልጄ ግን ተነሥታ ከጓሮ ቆማ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ነው የድሮ ፎቶዎቿን መፈተሽ የጀመረችው። ከአንዲት ወፍ ጀርባ የጫካው ጥግ ተገኘ። ከእኛ ፍየሎች ጀርባ ሌላ ጥግ። እነዚያን አወጣችና ገጿ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ በዚህ መንደር ያለፋችሁ፣ የሠራችሁ፣ ያስተማራችሁ፣ ይህ ቀርከሃ ከኋላችሁ የቆመበት ፎቶ ካላችሁ ላኩልን።

ላኩ። አንድ መምህር ብስክሌቱን ይዞ የተነሳውን ላከ፤ ዛሬ ጎጃም ነው ያለው። አንዲት ጤና ረዳት፣ የደንብ ልብስ የለበሱ ተማሪዎች፣ ራዲዮ በጉያው የያዘ ጎረምሳ። አብዛኞቹን አላወቅናቸውም። ልጄ እያተመች አመጣችላት። ጎረቤቴም ሰዎቹን አላየቻቸውም። ጣቷን ከትከሻቸው በላይ እያሳረፈች ጫካውን ታነብ ነበር። «ይሄ የወንዙ ዳር ነው። ይሄ ባሌ ለኛ ቤት የቆረጠበት ነው።» ባለ ብስክሌቱ ጋ ስትደርስ ዓይኗን አጠበበች።

«ይሄ ሰውዬ ትንሽ ፈቀቅ ቢል» አለች።

ሳቅን።

ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ልጇ ከባምባሲ መኪና ይዞ መጣ። አልጋዋን፣ ድስቶቿን፣ ዶሮዎቿን ጫነ። ቅሪ ብላት የማበላት የለኝም። የእኔ ማሳ ለእኛም ከዓመት ዓመት አያደርስም። እሷ ልጄን የመገበችበትን ያህል እንኳ እኔ እሷን ማቆየት አልቻልኩም። እጇን ይዤ ቆምኩ። ፎቶዎቹን ልጄ በፖስታ አድርጋ ሰጠቻት። በሻሿ ጠቅልላ ከጉያዋ ከተተቻቸው።

«አውፍ በለኝ፣ ኡኽቲ» አለች ይቅርታ ስትጠይቀኝ።

«አንቺም አውፍ በይኝ» አልኳት። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ።

ባምባሲ ሩቅ አይደለም። ይህን የሚሉኝ ብዙ ናቸው፣ እውነታቸውን ነው። ግን ውሃ ስቀዳ ቀና ብዬ የማያት ሰው የለችም።

ክረምቱ ሲበረታ ወንዙ ዳር፣ አፈር ባለበስነው ቦታ፣ ሣር የሚመስል ነገር በቀለ። ሣር ነው ብዬ ላልፍ ነበር። ልጄ ተንበርክካ ቅጠሉን በስልኳ ካለው የቀርከሃ ቅጠል ጋር አስተያየችና «እማ፣ እሱ ነው!» አለች። አነሳችው። ያን ፎቶ ገጿ ላይ አላወጣችውም፤ ለኻልቲ ልጅ ስልክ ብቻ ላከችው።

መልሱ ሲመጣ ከአስር ሶላት ተነሥቼ ነበር። ጎረቤቴ በድምፅ ነው የላከችው። መጀመሪያ የልጇ ድምፅ «ይኼን ተጭነሽ ተናገሪ፣ እማዬ» ሲላት ይሰማል፣ ቀጥሎ ሳሏ። ሰላምታም ሳታስቀድም እንዲህ አለች፤

«ኡኽቲ፣ ፍየልህን እሰር።»

ልጄ ደግማ ልታሰማኝ ስትል እኔ ገመድ ፍለጋ ወጥቼ ነበር።