ኩሬ ውስጥ የተሠራው መርከብ

ምስጋኑ የበቅሎ ሰው ነው። ከላሊበላ ይምርሐነ ክርስቶስ እንግዳ ጭኖ ሲመላለስ ጸጉሩ ሸብቷል፤ ባሕር ግን በዓይኑ አላየም። ከሚያውቀው ውሃ ትልቁ ተከዜ ነው፤ እሱንም የተሻገረው በበጋ፣ ጉልበቱን ሳይነካው ነው።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ላይ፣ አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ጫነ። አስተርጓሚው የአብስራ የሚባል አስጎብኚ ነበር። ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ደርሰው ቤተ ክርስቲያኑን ከዐለቱ ጣሪያ ሥር ሲያዩት፣ ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና ስለ መርከብ ያወሩ ጀመር። ከአሥራ አምስት ዓመታቸው ጀምሮ መርከብ ሠሪ ነበሩ። ለንጉሠ ነገሥታቸው ባሕር ኃይል፣ ስምንት ቤተ መድኃኔ ዓለም ጫፍ ለጫፍ ቢገጣጠም የሚያህል የጦር መርከብ ሠርተዋል። ጠላት እንዳያየው ከላይ ጣሪያ፣ ከጎን መጋረጃ ተደርጎበት ነበር፤ ሠራተኛውም ለሚስቱ እንኳ እንዳይተነፍስ ተከልክሏል። በኋላ መርከቡ ሰመጠ፣ ግቢውም በቦምብ ነደደ። ጦርነቱ ሲያልቅ እዚያው ቦታ ላይ የነዳጅ መርከብ ይሠራ ጀመር።

ምስጋኑ የት እንደሠሩት አስጠየቀ።

«ኩሬ ነው የሚሉት» አለ የአብስራ። «መሬቱን ቆፍረው በደረቁ ነው የሚሠሩት። ሲያልቅ በሩን ይከፍቱና ውሃ ይለቁበታል።»

ምስጋኑ ሌላ አልጠየቀም። አገሩ ገብቶ ሳምንት ሙሉ ይህንኑ አወራ። ሚስቱ እየሩስ ታክቷት «ምነው አንተንም ለሚስትህ እንዳትናገር በከለከሉህ» አለችው።

በዘጠና አምስት የኩሬ ቁፋሮ ዘመቻ መጣ። እያንዳንዱ አባወራ ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ጥቁር ላስቲክ አንጥፎ፣ የክረምቱን ውሃ እንዲያጠራቅም ተባለ። የልማት ሠራተኛዋ አስቻለች ሕዝቡን ሰብስባ ግማሽ ቀን ብታስረዳም እቆፍራለሁ ያለ አልተገኘም። በመጨረሻ ምስጋኑ ተነሣ። ኩሬ እንደማይናቅ፣ ጃፓን ያን የሚያህል መርከብ ያወጣችው ከኩሬ እንደሆነ ተናገረ።

መሪጌታ ገብረመስቀል መቋሚያቸውን ተደግፈው «ስምንት መድኃኔ ዓለም የሚያህል መርከብ በየት በኩል ነው ከኩሬ የሚወጣው?» አሉት።

«መጀመሪያ በደረቁ ነው የሚሠራ፣ መሪጌታ። ኋላ ውሃ ሲለቁበት መርከቡ ራሱ ብድግ ይላል፤ እንዲያ ብለው ነው የነገሩኝ።»

መሪጌታም፣ የኖኅም መርከብ በደረቅ ተሠርቶ ውሃው ኋላ ነው የመጣበት አሉ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ አልነበረም። ቀበሌው በአንድ ወር ውስጥ ከጎረቤት ቀበሌዎች ሁሉ በልጦ ቆፈረ። የቀበሌው ካድሬ የመርከቡን ታሪክ ሪፖርት ውስጥ አስገባው፤ ምስጋኑም ሞዴል አርሶ አደር ተብሎ ኮፍያ ተሸለመና ልምዱን እንዲያካፍል ላሊበላ ተጠራ።

አዳራሹ ውስጥ የጂኦግራፊ መምህርቷ ሰብሌ ተቀምጣ ነበር። እሱ ተናግሮ ሲጨርስ እጇን አወጣችና፣ ኩሬ ጃፓን ውስጥ ያለ የወደብ ከተማ ስም እንጂ የውሃ ጉድጓድ አለመሆኑን በትሕትና አስረዳች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ምስጋኑ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዘ።

«እኔ በቅሎ ነጂ ነኝ» አለ። «የሰማሁትን ነው የተናገርኩ። ከተማም ቢሆን ግን፣ ያለ ነገር ኩሬ አላሉትም።»

ስብሰባው ሲበተን ኮፍያውን ለካድሬው ሊመልስ ሄደ፤ ሪፖርቱም እንዲታረም ለመነ። ካድሬው ግራ ቀኙን አየና ሪፖርቱ ክልል ደርሷል፣ የተቆፈረውም ተቆፍሯል፣ ኮፍያውን አድርግ አለው።

ምስጋኑ ግን ልቡ አላረፈም። በማግስቱ ሰብሌን ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ፣ የቀረውም ወሬ ውሸት ይሆን ብሎ ጠየቃት። እሷ ከቤተ መጻሕፍቱ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አውጥታ አነበበችለት። ጣሪያው አለ፣ መጋረጃው አለ፣ መስመጡም የነዳጅ መርከቦቹም አሉ። ርዝመቱን ሁለት ጊዜ አስነበባትና አመስግኗት ወደ በቅሎዎቹ ተመለሰ።

የእሱ ኩሬ እስከ ሚያዝያ ውሃ ያዘ። በቅሎዎቹ ጠጥተው የተረፈው የእየሩስን ነጭ ሽንኩርት አበቀለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ኩሬ ግን ኅዳር ላይ ደረቀ፤ ላስቲኩን አንሥቶ የገብስ ክምሩን አልብሶበት ኖሯል።